ሰሌዳው ላይ የቀረው መልስ

ማክሰኞ ዕለት በአምስተኛ ለ ክፍል ስለሆነው ነገር ሁለት ቃል አለ።

አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ሰዓቴን በአግባቡ አልተጠቀምኩም። ልጆቹ ሲከራከሩ ጊዜው ሄደብኝ። ደወል ተደወለና የተሳሳተው መልስ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ወጣሁ። ድክመቴ ነው፤ ወደፊት አስተካክላለሁ።»

ሁለተኛው ደግሞ፦ «ሰዓት ተርፎኝ ነበር። ጠመኔውም እጄ ላይ ነበር። መልሱን ሆነ ብዬ ነው ያልጻፍኩት።»

ሁለቱንም የተናገረችው አንድ ሰው ናት፤ የሒሳብ መምህራችን መሰረት። የመጀመሪያውን የተናገረችው በዚያው ዕለት፣ መምህራን ሁሉ በተሰበሰቡበት ነው። ሁለተኛውን በሳምንቱ፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ቆማ። በመካከሉ የሆነው ነገር የክረምት ትምህርቷን ሊያሳጣት ደርሶ ነበር።

ትምህርት ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ ከቢሮው በር ሆኖ የሰንደቅ ዓላማው እንጨት አይታይም። አብዛኞቻችን ዲፕሎማ ያለን ነን። ዲግሪ የሚገኘው በክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲ እየወረዱ በመማር ሲሆን ለዚያም ወረዳው ኮታ ይሰጣል። በ2007 ለእኛ የደረሰን አንድ ቦታ ነበር፤ ያውም ለሒሳብና ለሳይንስ መምህር ብቻ። ቦታውን የሚያገኘው በሥራ አፈጻጸም የሚበልጠው ነው። መሰረት እንደምትበልጥ የሚጠራጠር አልነበረም። ደግሞም ያን ክረምት የሚተካላት ሌላ ክረምት አልነበረም። ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ አላት። እህቷ የሺ ከዓረብ አገር ተመልሳ እሷ ጋ ተቀምጣለች፤ ልጁን እስከ መስከረም ልትይዝላት ተስማምታለች። ከመስከረም በኋላ ግን አንበሳሜ ወርዳ ሱቅ ልትከፍት ነው። «ዘንድሮ ካልሄድኩ ልጁ ራሱ ተማሪ እስኪሆን የለም» ትል ነበር መሰረት።

ከእሷ ቀጥሎ ያለው ስም የእኔ ነው። ፋንታው እባላለሁ፤ የሳይንስ መምህር ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ ይህንን እያወቀ እንዲያነብ ብዬ ነው።

ነገሩ የመጣው ከጃፓን ነው። መምህራንን የሚያሠለጥኑ አቶ አለምነው የሚባሉ ሰው ጃፓን አንድ ወር ቆይተው ሲመለሱ ያዩትን ሊያሳዩን ወደ እኛ ወጡ። ስልቱ ለመናገር ቀላል ነው። ሁለት ሦስት መምህራን አብረው ተቀምጠው አንድ ክፍለ ጊዜ ያዘጋጃሉ። አንዱ ያስተምራል፤ የቀሩት ከኋላ ሆነው ያያሉ። ከዚያ ስላዩት ነገር ይነጋገራሉ።

«የምታዩት መምህሩን አይደለም፤ ልጁን ነው» አሉ አቶ አለምነው። «አንድ ልጅ ምረጡ። ምን ጻፈ፣ ምን አጠፋ፣ ለጓደኛው ምን አለ። ያንን ብቻ።»

ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ በላይነህ እጃቸውን አወጡ። የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። እሳቸው እጃቸውን ሲያወጡ ሰው አስቀድሞ ፈገግ ይላል።

«ጥያቄ አይደለም፤ ለታሪክ ያህል ነው» አሉ። «እኔ ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ብዙ እንግዳ ተቀብያለሁ። አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር የሚል መጣ፤ ተቀበልን። ትንንሾቹ ክፍል አይድገሙ የሚል መጣ፤ ተቀበልን። ሁለተኛ ደረጃው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቀለና አስተማሪው ልጅ እጅ ሲያወጣ የማያይ ሆነ። ቀጥሎ አምስት አምስት ሆናችሁ ተደራጁ ተባለ። ሁሉም ሲመጣ አጅበነዋል፤ ሲሄድ ግን ደህና ሁኑ ያለን የለም።»

«ይሄኛው አይሄድም ጋሼ» አሉ አቶ አለምነው።

«እሱን ሁሉም ብለውናል። ለመሆኑ ጃፓኖቹ ከእኛ ምን ወሰዱ?»

አቶ አለምነው ትንሽ አሰቡ። «እስካሁን ምንም።»

«ግምገማን ስጧቸዋ። እኛ በቅቶናል።»

ሳቅን። ርእሰ መምህሩ አቶ ይርጋም ሳቁ።

ለመጀመሪያው ትምህርት መሰረት ፈቃደኛ ሆነች። ዕቅዱን ከእሷ ጋር ያዘጋጀነው እኔና ጋሽ በላይነህ ነን። ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፦ አንድ ገበሬ ግማሽ ጥማድ ገብስ፣ ሲሶ ጥማድ ድንች ዘራ፤ በጠቅላላው ስንት ጥማድ ዘራ? ልጆቹ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ሁለት አምስተኛ እንደሚሉ መሰረት ታውቃለች፤ በየዓመቱ እንዲያ ይላሉ፤ በየዓመቱም ስህተት ነው ብላ ታርማቸዋለች፤ በየዓመቱም ፈተና ላይ ያንኑ ይጽፋሉ። በዚህ ጊዜ ግን ዕቅዳችን የመጨረሻ መስመር ላይ እንዲህ ይላል፦ «ልጆቹ ካልደረሱበት መምህሯ መልሱን አትነግራቸውም፤ ለሐሙስ ይቆያል።»

«ልጅ ስህተት ይዞ ቤቱ ይደር?» አሉ ጋሽ በላይነህ።

«ይደር» አለች መሰረት። «እኔ የነገርኩትንማ በማግስቱ ይረሳዋል። የተጨነቀበትን እስቲ እንይ።»

ዕቅዱን ለአቶ ይርጋ ሰጠናቸው፤ አዩትና ፈረሙበት።

ማክሰኞ ዕለት ከኋላ ቆመን ስናይ አብዛኞቹ መምህራን ዓይናቸው መሰረት ላይ ነበር። ለምደውታል፤ ክፍል የሚገባ ሰው ሁልጊዜ የሚያየው መምህሩን ነው። እኔ ሸጊቱ የምትባል ልጅ ከምትቀመጥበት ዴስክ ኋላ ነበርኩ፤ እሷን መረጥኩ።

አንድ ልጅ ወጥቶ ሁለት አምስተኛ ብሎ ጻፈ። ክፍሉ አጨበጨበ። መሰረት «ልክ ነው» አላለችም፤ «አይደለም»ም አላለችም። «ሁላችሁም ተስማማችሁ?» ብላ በዴስኮቹ መካከል መዞር ጀመረች።

ሸጊቱ እንደ ሌሎቹ መልሱን ገለበጠች። ከዚያ ከሥሩ ሁለት እኩል የሆኑ ረጃጅም ማሳዎች ሣለች። አንደኛውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን አጠቆረች። ሁለተኛውን ለአምስት ከፍላ ሁለቱን አጠቆረች። ጣቷን ከላይኛው ወደ ታችኛው አወረደችና ቆመች። አጠፋችው። እንደገና ሣለችው። ያው ሆነባት።

«ደምረን እንዴት አነሰ?» አለቻት አጠገቧ ላለችው ልጅ።

«ቲቸር ዝም ካለች ልክ ነው» አለች ያችኛዋ።

«ግማሽ ነበረው እኮ። ድንቹን ሲዘራ ገብሱ ጠፋ?»

መሰረት ከኋላቸው ቆማ ይህን ሰማች። ወደ ሰሌዳው ሄደች። ጠመኔውን አነሳች። እጇ ሰሌዳው አጠገብ ደርሶ ቆመ፤ ከዚያ ጠመኔውን መልሳ አስቀመጠችውና ፊቷን ወደ ልጆቹ አዞረች። «ሸጊቱ፣ ያልሽውን ለሁሉም ንገሪያቸው» አለች። ክፍሉ ተንጫጫ። ማሳ የሚሥል፣ በጣቱ የሚለካ፣ የጓደኛውን ደብተር የሚነጥቅ። ይህ ደወል እስኪደወል ቀጠለ። ደወሉም ሲደወል ሁለት አምስተኛው ሰሌዳው ላይ ነበር።

አቶ አለምነው ወደ ከተማ የሚወርደው መኪና እንዳያመልጣቸው ወዲያው ሄዱ። «እናንተ ተወያዩበት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ እመለሳለሁ» አሉን። ተወያየን፤ በምናውቀው መንገድ።

በእኛ ትምህርት ቤት ስብሰባ አንድ መልክ ብቻ ነበረው። አቶ ይርጋ መድረኩን ይከፍታሉ። ባለ ጉዳዩ ተነስቶ ግለ ሂስ ያደርጋል። ከዚያ ሌሎቹ ሂስ ይሰነዝራሉ። ባለ ጉዳዩ ሂሱን ይውጣል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያውቃል፦ ከሰው በፊት ትንሽ ጥፋት መርጠህ በራስህ ላይ ትናገራለህ፤ ያኔ ትልቁን የሚያነሳብህ የለም። ከትንንሾቹ ሁሉ የተወደደው ሰዓት ነው። ሰዓት አላከበርኩም ያለ ሰው ማንንም አያስቀይምም፤ ሁሉም ያምነዋል። ጋሽ በላይነህ በየዓመቱ ሰዓት አላከብርም ይላሉ፤ በየዓመቱም ከዘበኛው ቀድመው ግቢ የሚገቡት እሳቸው ናቸው።

መሰረት ተነሳች። ልጆቹ የተዉት ጫጫታ ገና ፊቷ ላይ ነበር። አቶ ይርጋ «እንግዲህ መምህርት መሰረት፣ ከግለ ሂስ እንጀምር» አሏት። መጀመሪያ የጻፍኩትን ቃል ተናገረች። ሰዓቴን በአግባቡ አልተጠቀምኩም። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ እንደ ወረደ ጻፍኩት።

ወዲያው እጄን አወጣሁ። ሸጊቱ ያደረገችውን ልናገር ነበር።

«ሂስ ነው?» አሉኝ አቶ ይርጋ።

«ሂስ አይደለም። ስለ አንዲት ልጅ ነው።»

«እሱ ወደ ኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ሂስ ያለው።»

ሂስ ያለው አልነበረም። መሰረትን ሁሉም ይወዳታል። ጋሽ በላይነህ «ሂሷን ውጣለች፤ ተመስግና ትቀመጥ» አሉ፤ ሳቁ፤ ስብሰባው ተዘጋ። ወደ ኋላ ይደርሳል የተባለው ሳይደርስ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። ማንም ያልተጎዳበት መልካም ስብሰባ ነው ብለን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠመኔ ልወስድ ቢሮ ስገባ የሸጊቱ አባት አቶ ጌጡ አቶ ይርጋ ፊት ቆመዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው ዱላቸውን ይዘዋል። ተቀመጡ ቢባሉ እምቢ ብለዋል።

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አሉ። «መሬት ሊለኩ ነው ወይ?»

«የምን መሬት?»

«ልጅቱ ትናንት ከመጣች ጀምሮ ገብሱ ስንት ጥማድ ነው፣ ድንቹ ስንት ጥማድ ነው ትለኛለች። ማን ጠይቂ አለሽ ብላት፣ ቲቸር። በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግም እንዲሁ ስንት አለህ ሲባል ነው የተጀመረው። ያኔ ሁለት ቦታ ሄዶብኛል።»

አቶ ይርጋ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ የሰውየውን ፊት አይተው ተዉት። «አቶ ጌጡ፣ ሒሳብ ነው። ክፍልፋይ መደመር። ከመሬትዎ ጋር ምንም አይገናኝም።»

«እሺ፣ ሒሳብ ይሁን። ሒሳብ ከሆነ ደብተሯ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ግማሽ ላይ ሲሶ ጨምረው ከግማሽ በታች አወጡት ትላለች። ይሄ ቀንሶ መውሰድ አይደለም?»

«ስህተት ነው። ይታረማል።»

«የማን ስህተት?»

አቶ ይርጋ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ጠመኔዬን ይዤ ቆሜያለሁ። አቶ ይርጋ ክፉ ሰው አይደሉም። መምህር ሲታመም በቅሎ ለምነው ጭነው ጤና ጣቢያ ድረስ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። አሁንም መሰረትን ማዳን ፈልገዋል፤ ከሁሉ የሚቀለውንም ምክንያት መረጡላት።

«መምህሯ ሰዓት አጥሯት ነው» አሉ። «ራሷም ትናንት ተናግራለች።»

«ሰዓት ካጠራት ሰዓት ይሰጣት እንጂ» አሉ አቶ ጌጡ፤ ትንሽ ረጋ ብለዋል። «የእኔ ቤት እንቅልፍ ማጣት የለበትም።»

አቶ ጌጡ ከዚያ ተነስተው በቀጥታ ወደ ቀበሌ እንደሄዱ በኋላ ሰማን። ቀበሌው ጠየቀ፤ አቶ ይርጋም ያንኑ መለሱ። ሰዓት አጥሯት ነው። በስብሰባ የተባለ፣ ለወላጅ የተነገረ፣ ለቀበሌ የተመለሰ ነገር ከዚያ በኋላ ልማድ መሆኑ ቀርቶ እውነት ይሆናል። የአፈጻጸም ነጥብ ሲሞላ «የተመደበውን ክፍለ ጊዜ በአግባቡ መጠቀም» የሚል ቦታ አለ። አቶ ይርጋ እዚያ ላይ ለመሰረት ዝቅተኛውን ሰጡ። ውጤቱ ሰኞ ሲለጠፍ የእኔ ስም ከላይ፣ የእሷ ከሥር ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መሰረት ቢሮ ስትገባ እኔንም ይዛኝ ገባች፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝከው አንተ ነህ ብላ።

«ጋሼ ይርጋ፣ ያን ቀን ያልኩት ልክ አይደለም» አለች። «ሰዓት ተርፎኝ ነበር። ጠመኔውም እጄ ላይ ነበር። መልሱን ሆነ ብዬ ነው ያልጻፍኩት። ዕቅዱ ላይም አለ፤ እርስዎም ፈርመውበታል።»

«ዕቅዱን አይቼዋለሁ። ሰው ዕቅድ ይጽፋል፤ ከዚያ የሆነውን ይናገራል። አንቺ የሆነውን ተናገርሽ፤ ሰዓት አጠረኝ አልሽ።»

«ሁሉ ሰው የሚለውን ነው ያልኩት።»

«ሁሉ ሰው ምንድን ነው የሚለው?»

መሰረት ወደ እኔ ዞረች። እኔ መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት አቶ ይርጋ እጃቸውን አነሱ። «አንተ ቆይ። አንተን ብጠይቅህ አንተም ትቸገራለህ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «የኔ ልጅ፣ የቱን ልመን? ምንም ሳይነካሽ የተናገርሽውን ነው ወይስ ዕድልሽ ከተነካ በኋላ የምትናገሪውን? አንቺ እኔን ብትሆኚ የቱን ታምኚ ነበር?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። መሰረትም ተገቢ መሆኑን ስላወቀች ሳትመልስ ወጣች።

በዚያ ቀን ከሥራ ስንወጣ መንገዱን አብረን ወረድን። እሷ የተከራየችው ቤት መንደሩ መግቢያ ላይ ነው፤ የእኔ ትንሽ አልፎ። ብርድ ነበር። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

«አንተማ ደስ ይበልህ» አለች ድንገት። «ክረምቱን ሞቅ ያለ አገር ልትከርም ነው።»

«ደስ አላለኝም ብል ታምኚኛለሽ?»

«አላምንህም። ግን ብታዝንም ትሄዳለህ። እኔም ብሆን እሄድ ነበር።»

«ሸጊቱ ያለችውን ሰምቻለሁ» አልኳት። «ጠመኔውን አንስተሽ መልሰሽ ስታስቀምጪም አይቻለሁ።»

ቆመች። «አይተሃል?»

«ከኋላዋ ነበርኩ እኮ። ልናገር ስል ሂስ ነው ወይ ተባልኩ።»

«ሂስ ነው አትልም ነበር? አንድ ጊዜ ብትዋሽ ምን አለበት፤ እኔ እንደሁ ዋሽቻለሁ።» ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ። «ምን እንደሚቆጨኝ ታውቃለህ? ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የሆነው ነገር፣ ማስተማር ከጀመርኩ እንደዚያ ሆኖልኝ አያውቅም። ሐሙስ ስገባ ሁለት አምስተኛውን ራሳቸው በዳስተር አጥፍተውት ነበር የጠበቁኝ። ማሳውን ለስድስት ከፍለው አምስቱን አጥቁረው። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም። ያን የመሰለ ነገር ይዤ፣ ተነሺ ሲሉኝ አፌ ላይ የመጣው ሰዓት አላከበርኩም ነው። ማንም አላስገደደኝም እኮ ፋንታው። ስቆም በቃ እሱ መጣ።»

ቤቷ በር ላይ የሺ ልጁን ታቅፋ ቆማ ነበር፤ ልጁ እናቱን ሲያይ ሊወርድ ታገለ። የሺ «እህስ፣ ምን አሉሽ?» አለቻት። መሰረት ልጁን ተቀበለቻትና «ዓርብ ስብሰባ አለ» ብቻ አለች።

ከዚያ እስከ ዓርብ ያሰብኩትን ሁሉ መጻፍ አያስፈልግም። ክረምቱን ፈልጌዋለሁ። ዲግሪ ቢኖረኝ ወደ ከተማ መዛወር እችላለሁ፤ ደብረ ታቦር ያለችው እናቴም ብቻዋን ናት። ይህን ሁሉ ከአንዲት ልጅ ጣት ጋር ሳመዛዝን ነበር የሰነበትኩት።

ዓርብ አቶ አለምነው መጡ። አቶ ይርጋ መድረኩን ከፈቱና «ባለፈው ትምህርት ከታዩ ድክመቶች እንጀምራለን» አሉ።

«ይቅርታ አቶ ይርጋ» አሉ አቶ አለምነው። «ከድክመቱ በፊት፣ ልጆቹ ምን አደረጉ?»

አንድ መምህር ልጆቹ ጫጫታ አብዝተዋል አለ። ሌላው ተሳትፎው ጥሩ ነበር አለ። አቶ አለምነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባለፈው ጥያችሁ መሄድ አልነበረብኝም» አሉ። «ስልቱን ሰጥቻችሁ ውይይቱን ሳላሳያችሁ ነው የወረድኩት። ግማሹን ነው ያመጣሁላችሁ። አንድ ልጅ ያየ ሰው የለም?»

ተነሳሁ። ስለ ሁለቱ ማሳዎች ነገርኳቸው። ሸጊቱ አጥፍታ እንደገና ስለ መሣሏ። «ደምረን እንዴት አነሰ» ስለ ማለቷ። መሰረት ይህን ሰምታ ወደ ሰሌዳው እንደሄደች፣ ጠመኔውን እንዳነሳችና መልሳ እንዳስቀመጠችው። «ሰዓት ነበራት» አልኩ። «ከዚያ በኋላ ልጆቹ ብዙ ተከራክረዋል። መልሱን ለመጻፍ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ይበቃ ነበር፤ አልጻፈችውም።»

አቶ ይርጋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ለምን ያኔ አልተናገርክም?»

«እጄን አውጥቼ ነበር። ሂስ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም አልኩ።»

አስታወሱት፤ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«ይህን የምትናገረው በራስህ ላይ መሆኑን ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

መሰረት ተነሳች። «ያኔ ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ» አለች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሁላችንም የምንለውን ነው ያልኩት። ሐሙስ ስገባ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው መልሱን አርመውት ጠበቁኝ።»

ሁሉም የፊቱን ዴስክ ያያል። በመጨረሻ ጋሽ በላይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቶ ይርጋ፣ እንግዲህ እኔም የምመልሰው አለ» አሉ። «ሰዓት አላከብርም እያልኩ ያጻፍኩት ሁሉ ይነሳልኝ፤ እርስዎም እንደሚያውቁት አከብራለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አቶ ይርጋ አልሳቁም።

«ሁሉም ውሸት ነበር በሉኛ» አሉ ቀስ ብለው። ሳቁ ቆመ። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ በየዓመቱ የሰማሁት፣ የፈረምኩት፣ ሰው ያሳደግኩበት፣ ሰው ያስቀረሁበት። መልካም። እኔም ከበላዮቼ ፊት ስቆም ሌላ አላልኩም፤ ማንንም አልወቅስም። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።» ወደ አቶ አለምነው ዞሩ። «እኔ ሒሳብ ሳስተምር ሰሌዳዬ ላይ ስህተት ትቼ ወጥቼ አላውቅም። ልጅ ስህተት ይዞ ቤቱ ሲገባ አባቱ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። የእርስዎ ጃፓን ያለው አባት መሬት ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ዱላ ይዞ አይመጣም። ይህ ስልት እዚያ የሠራው እዚያ ስለሆነ እንደሆነስ?»

«ሊሆን ይችላል» አሉ አቶ አለምነው። «እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። እንግዲህ እዚህ የሚሠራ መሆኑን የማውቀው እዚህ ሲሠራ ሳይ ነው።»

«እኔ አላየሁትም። ያየሁት መምህሯን ነው፤ ፋንታው ያየውን አላየሁም። ሐሙስ ሆነ ያለችውንም ያየ የለም።»

«ልጆቹ አሉ» አለች መሰረት።

«ልጆቹ የአንቺ ናቸው፤ አንቺን ይወዳሉ።» አቶ ይርጋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ለጥቂት ጊዜ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ፤ ጉሙ መውረድ ጀምሯል። የአንደኛ ክፍል ልጆች አንድ ላይ ፊደል ሲቆጥሩ ይሰማል። «አምስተኛ ሀ ይህን ትምህርት ተምሯል?» አሉ።

«ገና ነው» አለች መሰረት። «ሰኞ ነው ተራቸው።»

«ሰኞ።»

«አዎ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ።»

«ወረዳው ስሙን የሚጠብቀው እስከ ማክሰኞ ነው» አሉ አቶ ይርጋ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ጠመኔ መያዝ ከተዉ ብዙ ዓመት እንደሆናቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከወንበራቸው ተነሱ።

«ሰኞ አምስተኛ ሀ የምገባው እኔ ነኝ» አሉ። «ይህንኑ ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ፤ መልሱን አልነግራቸውም። ይቻል እንደሆነ እኔው ቆሜ ልየው። መሰረት ከኋላ ትቀመጣለች፤ የፈለጋችሁም ግቡ። ነጥቧን ከዚያ ስወጣ እሞላለሁ።»